ድያፍራም ጎድንን የሚያነሣው ከሆድ ጋር ሆኖ ነው

ድያፍራም ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፤ የደረት ክፍተት ይሰፋል፤ አየር ይገባል። ይህ የተለመደ ማብራሪያ ስሕተት የለበትም፤ ጡንቻው የደረትን ግድግዳ ራሱን ምን እንደሚያደርገው ግን አይነግረንም። በእኔ እምነት መልሱ መፈለግ ያለበት ከጡንቻው ጉልበት ይልቅ በቅርጹና ከሥሩ ባለው ሆድ ዕቃ ነው። ከታችኞቹ ጎድኖች የሚነሡት የድያፍራም ክሮች በቀጥታ ወደ መሃል አይሄዱም፤ በጎድኖቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፈው ሽቅብ ይወጡና ከዚያ እንደ ጉልላት ይታጠፋሉ። ጉልላቱ ልውረድ ሲል ሆድ ዕቃው ይገታዋል፤ ክሮቹም ያንን ተደግፈው ጎድኖቹን ወደ ላይ ይስባሉ። በዚያው ቅጽበት ከፍ የሚለው የሆድ ግፊት በተለጠፈው ክፍል በኩል ጎድኖቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ድያፍራም የሚሄደውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲያነቃቃ የታችኞቹ ጎድኖች ወደ ውጭ ተከፈቱ፤ ሆዱ ተከፍቶ ዕቃው ሲወጣ ግን ያው ጡንቻ እነዚያኑ ጎድኖች ወደ ውስጥ ሳባቸው። ሆዱ የተከፈተ አካል ስለ ጤነኛ ሰው አተነፋፈስ ምን ሊመሰክር ይችላል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው። ሆኖም ያለ ቢላዋ ተመሳሳይ ነገር የሚያሳይ በሽታ አለ። በከባድ ኤምፊዚማ ሳንባ ከልክ በላይ ስለሚነፋ ድያፍራም ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከጎድን ጋር የተለጠፈው ክፍልም ይጠባል፤ ክሮቹ አግድም ይስባሉ። ሐኪሙ እጆቹን በታችኛው የጎድን ጠርዝ ላይ ቢያሳርፍ፣ በሽተኛው አየር በሳበ ቁጥር መራራቅ የሚገባቸው አውራ ጣቶቹ ይቀራረባሉ። ይህ የሁቨር ምልክት ይባላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሆድ ዕቃውን ደግፈው የሚይዙት የሆድ ጡንቻዎች አየር የሚያስወጡ ሆነው ሳለ እንዴት አየር ለመሳብ ይረዳሉ? የአንገት ህብለ ሰረሰራቸው በታችኛው ክፍል የተጎዳ፣ ድያፍራማቸው ግን የሚሠራ ሰዎች መልሱን ይሰጡናል። ሆዳቸው ስለሚላላ ሲቀመጡ ሆድ ዕቃቸው ወደ ፊት ይወድቃል፤ ድያፍራሙም ድጋፍ ያጣል። ስለዚህ ከጤነኛው በተቃራኒ በጀርባቸው ሲተኙ የተሻለ አየር ይስባሉ፤ ሲቀመጡም የሆድ መቀነት ያግዛቸዋል። የላይኛው ደረታቸው አየር ሲስቡ ወደ ውስጥ መስመጡ ደግሞ ድያፍራም ብቻውን ደረትን ሁሉ እንደማይከፍት፣ የላይኞቹን ጎድኖች የሚይዙት በጎድኖች መሃል ያሉትና የአንገት ጡንቻዎች መሆናቸውን ያሳያል። የሆድ ግትርነት በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለት ግን አይደለም፤ በሆድ ውስጥ ብዙ ውሃ የቋጠረ ሰው ድያፍራሙ መውረድ ስለሚሳነው ትንፋሽ ያጥረዋል። መቀነቱም ከልክ በላይ ከጠበቀ ያንኑ ጉዳት ያመጣል።