በወረቀት ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ጨረታዎች

ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ዋጋ በታሸገ ኤንቨሎፕ ቀርቦ አሸናፊው የራሱን ሳይሆን የሁለተኛውን ተጫራች ዋጋ የሚከፍልበትን ጨረታ ተንትኗል። በዚህ ጨረታ ሌሎቹ ምንም ይጻፉ ምን፣ ዕቃው ለእኔ የሚያወጣውን ያህል ከመጻፍ የተሻለ ስልት የለም። አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር ዋጋ የሚጨመርበት ሐራጅም በንድፈ ሐሳብ ወደዚያው ውጤት ያደርሳል።

ጆን ኬግል፣ ሮናልድ ሃርስታድ እና ዳን ሌቪን ይህን እኩልነት በቤተ ሙከራ ፈትነው ውጤቱን በ1987 አወጡ። ዕቃው ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሚያወጣውን ተመራማሪዎቹ ይነግሩታል፤ ያሸነፈ ሰው ልዩነቱን በእውነተኛ ገንዘብ ይወስዳል። በሐራጁ ዋጋው ከጥቂት ዙሮች በኋላ ከትንበያው ጋር ገጠመ። በታሸገው ግን ከሚጠበቀው በአማካይ 11 በመቶ ያህል በለጠ።

ለምን? ዕቃው ለእኔ 1,000 ብር ያወጣል እንበል። 1,100 ብጽፍ የማሸነፍ ዕድሌ ይሰፋል፤ የምከፍለው ደግሞ የሌላውን ሰው ዋጋ ስለሆነ ጭማሪው ምንም የማያስወጣ ይመስላል። ሆኖም ጭማሪው ውጤቱን የሚለውጠው ከሌሎቹ ትልቁ ዋጋ በ1,000 እና በ1,100 መካከል ሲወድቅ ብቻ ነው፤ ያኔ ለምሳሌ 1,050 ከፍዬ 50 ብር እከስራለሁ። ይህን አስቀድሞ ማየት ያልተከፈቱትን ኤንቨሎፖች ሁሉ በሐሳብ እየከፈቱ ማስላትን ይጠይቃል። ኪሳራው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚደርስም አብዝቶ የጻፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይቀጣ ያልፋል፤ ከልምድ መማር የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሼንግዉ ሊ በ2017 ለዚህ ጥርት ያለ ማብራሪያ ሰጠ። በሐራጅ ተጫራቹ በየደረጃው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልቆይ ወይስ ልውጣ? ዋጋው 1,000 ካለፈ በኋላ በመቆየት የሚገኘው ትልቁ ጥቅም በመውጣት ከሚገኘው አይበልጥም። ሌላው ሰው ምን ያስባል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሊ ባካሄደው ሙከራም ተሳታፊዎች በታሸገው ጨረታ ከሐራጁ ይልቅ ደጋግመው ተሳስተዋል።

ይህ ግኝት ለእኛ አገርም ቅርብ ነው። ለብድር የተያዘ ቤት በሐራጅ ይሸጣል፤ የመንግሥት ንብረት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በታሸገ ኤንቨሎፕ። እርግጥ የእኛ ኤንቨሎፕ አሸናፊውን የጻፈውን ስለሚያስከፍል የቪክሪ ዓይነት አይደለም። ግን ሸክሙ የባሰ ነው፤ ተጫራቹ ከልቡ ዋጋ ምን ያህል ዝቅ ማድረግ እንዳለበት የሌሎቹን ሐሳብ መገመት ግድ ይለዋል። ጨረታ የማያዘወትረው ዜጋ ከልምደኛው ነጋዴ ጋር እኩል የማይቆመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐራጅ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፦ ለመመሳጠር ይመቻል፤ ከስምምነቱ ያፈነገጠውን ሌሎቹ እዚያው አይተው ዋጋ በመጨመር ይበቀሉታል። ስለዚህ ተጫራቾቹ ጥቂትና የሚተዋወቁ ሲሆኑ ኤንቨሎፑን፣ ብዙና የማይተዋወቁ ሲሆኑ ሐራጁን እመርጣለሁ።