አቤት ባይና ሰሚ፦ የዩኒቨርሲቲ አቤቱታ አጭር ታሪክ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ)



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ቃል ላይ ያተኩራል፤ አቤቱታ በሚለው። በአገራችን ልማድ የተበደለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቤት!» ይል ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» የተባለም ሰው ባለበት ይቆም ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ የሚጮኽ ነው፤ ሌላው ሰምቶ የመቆም ግዴታ ያለበት። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው አቤቱታ ከጩኸት አያልፍም። ይህን ሁለተኛውን ሰው በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ ለማግኘት የተደረገው ትግል ታሪክ አለው፤ ላወሳችሁ የምወደውም እርሱን ነው።

ታሪኩን ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ልጀምር። ካርሚታ ዉድ የተባለች የቢሮ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራዋን ለቀቀች። ምክንያቷ፣ እርሷ እንደገለጸችው፣ አንድ ፕሮፌሰር ያደርስባት የነበረው ተደጋጋሚ ትንኮሳ ነበር። ወደ ሌላ ክፍል እንድትዛወር ያቀረበችው ጥያቄም አልተሳካም። የሥራ አጥነት ድጎማ ስትጠይቅ በግል ምክንያት እንደለቀቀች ተቆጥራ ተከለከለች። የደረሰባትን በቅጽ ላይ የምትሞላበት የታወቀ ስም አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በኢታካ ከተማ ሴቶች ተሰብስበው በሥራ ቦታ የደረሰባቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ዛሬ ጾታዊ ትንኮሳ የምንለው ነገር በእንግሊዝኛ መጠሪያውን አግኝቶ ወደ ሕዝብ የወጣው በዚህ እንቅስቃሴ ነው። ስም የሌለው በደል «የግል ጉዳይ» ተብሎ ይታለፍ ነበርና ስም ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ዬል ሴቶችን ለመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። በ1972 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከመንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በጾታ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን ከለከለ። በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርተው የዬል ተማሪዎች በ1977 ዩኒቨርሲቲያቸውን ከሰሱ። ዋናው ጥያቄያቸው የካሣ ገንዘብ አልነበረም፤ አቤቱታ የሚቀበልና የሚመረምር ሥርዓት እንዲቋቋም ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት፣ ውጤትን ወይም የትምህርት ዕድገትን ከወሲብ ጥያቄ ጋር ማያያዝ የጾታ አድልዎ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። ይሁን እንጂ ከሳሾቹ ተረቱ። ጉዳይዋ እስከ ምስክር መስማት የደረሰላት አንዲት ተማሪ ብቻ ስትሆን፣ ፍርድ ቤቱ ያቀረበችው ክስ አልተረጋገጠም አለ። በ1980 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። ከሰጣቸው ምክንያቶች ሁለቱን ልብ በሉ፦ አንደኛው ተማሪዎቹ ተመርቀዋል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በመካከሉ የአቤቱታ ሥርዓት አቋቁሟል የሚል።

እንግዲህ ተማሪዎቹ ክሱን ተረቱ፤ የጠየቁትን ሥርዓት ግን አስገኙ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በየጊዜው መሰል ሥርዓት ዘረጉ። የታሪክ ተማሪ የዳኞችን የመጨረሻ ቃል ብቻ አንብቦ መዝገቡን እንዳይዘጋ የምመክረው ለዚህ ነው።

«ተመርቀዋል» የሚለው ምክንያት ግን እኔን በግሌ ይወቅሰኛል። ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። አንድ መምህር ውጤቷን በእጁ ይዞ እንደሚያስፈራራት እያለቀሰች ነገረችኝ። «አይዞሽ፤ እስክትመረቂ ታገሺ» አልኳት። የመከርኳት በቅንነት ነበር፤ ገመናዋ ይሸፈናል ብዬም አስቤ ነበር። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስሟ ከመዝገብ ላይ አልነበረም። የዬልን ውሳኔ ከዓመታት በኋላ ሳነብ የገባኝ፣ ትዕግሥት ያልኩት ነገር የበዳዩ ጠበቃ እንደነበረ ነው። ተማሪ በግቢው የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ መምህርና ተቋም ግን ይቆያሉ። ስለዚህ የዘገየ ምርመራ ሁልጊዜ ለሚቆየው ያደላል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625፣ የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ይቀጣል፤ አስተማሪንም በስም ጠቅሶታል። ነገር ግን ክሱ የሚቀርበው ተበዳይዋ አቤት ስትል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን ተርጉሞ ከልክሏል፤ ሆኖም ተማሪ ተቀጣሪ አይደለችምና አዋጁ አይደርስላትም። እንግዲህ ክፍተቱን መሙላት የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው።

በምን ይሙላው? አቤቱታ ተቀባዩ ከተከሳሹ የትምህርት ክፍል ውጭ ይሁን። አቤቱታው በቀረበበት ዕለት በቀንና በቁጥር ይመዝገብ፤ ቅጂውም ለአቅራቢዋ ይሰጣት። ምርመራው እስኪያልቅ የፈተና ወረቀቷን ሌላ መምህር ይረመው። ተከሳሹም ክሱን በጽሑፍ አውቆ የመልስ ዕድል ያግኝ፤ የዬሉ መዝገብ እንደሚያሳየው ክስ ሁሉ አይረጋገጥምና። ውሳኔው በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ተማሪዋ ብትመረቅ ወይም ትምህርቷን ብታቋርጥም መዝገቡ አይዘጋ።

ያቺን ተማሪ ዛሬ ባገኛት የምላትን አውቃለሁ፤ ግን ለእርሷ ዘግይቷል። ነገ ከእናንተ የአንዱን ወይም የአንዷን በር የምታንኳኳ ሌላ ተማሪ ትኖራለች። «ታገሺ» ከማለታችሁ በፊት ብዕርና ወረቀት አንሡ፤ ቀኑን ጻፉ።