ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፦ የሳይክላችሁ ቃላትና ቁጥሮች ከየት መጡ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል የሚሠራ ሰው ዘንድ ቁጭ ብላችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ወሬውን አድምጡ። «ካቴናው አልቋል»፣ «ከመነዳሪው ይተነፍሳል»፣ «ፍሬኑ አይዝም»፣ «ኩሽኔታው ይንጫጫል»፣ «እስቲ ካቻቢቴውን አቀብለኝ»። ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ሁላችንም እንግባባበታለን። እነዚህኑ ቃላት ግን ሮም ላለ መካኒክ ብትነግሩት ብዙውን ሳያስተረጉም ይረዳችኋል።

ጎማ በጣልያንኛም ጎማ ነው። ፍሬን «ፍሬኖ»፣ ካቴና «ካቴና»፣ ብሎን «ቡሎኔ»፣ ካቻቢቴ «ካቻቪቴ»፣ ኩሽኔታ ደግሞ «ኩሺኔቶ» ከሚሉት የመጡ ናቸው። ከመነዳሪ የሚለውን ቃል ለብቻው ልብ በሉት፤ «ካሜራ ዳርያ»፣ ማለትም «የአየር ክፍል» የሚለው ሐረግ በአፋችን ተፈጭቶ አንድ ቃል ሆኖ የወጣ ነው። ጎማ የሚጠግነው ሰው እንኳ ጎሚስታ ይባላል።

የታሪክ ተመራማሪ ቃልን እንደ ሸክላ ስባሪ ያየዋል። ዕቃው ሲመጣ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ዕቃው አርጅቶ ከተጣለ በኋላም ስሙ ይቀራል። ጣልያኖች ኢትዮጵያን የያዙት ከ1936 እስከ 1941 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መኪናውም፣ ጋራዡም፣ ሳይክሉም በእነዚያ ዓመታት በብዛት ገባ። ግን ሁሉም በአምስቱ ዓመት መጣ ማለት አይቻልም። አስመራ በጣልያን እጅ የቆየችው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ስለነበር፣ ከሰሜን የመጡ ባለሙያዎችም ቃላቱን ይዘዋቸው ወርደው ይሆናል። የብስክሌት ውድድርም ከዚያው ሰፈር ነው የጠነከረው። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው!

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ለመሆን ሁለት ነገር ረዳት። አንደኛው መሬቷ ነው፤ የጣና ዳር ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ሁለተኛው በ1960ዎቹ ያደገችበት መንገድ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1961፣ ፖሊቴክኒኩ በ1963፣ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ደግሞ በ1964 ሥራ ጀመሩ። በፈረቃ የሚገባ ሠራተኛና ከቤቱ ራቅ ብሎ የሚማር ተማሪ ባለበት ሜዳማ ከተማ ሳይክል የማይሆንበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ስሙ ጣልያንኛ ነው ብለናል። ልኩ ግን እንግሊዝኛ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1880 ሃንስ ሬኖልድ የተባለ፣ ማንቸስተር ይኖር የነበረ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ዛሬ በሳይክላችሁ ላይ ያለውን ዓይነት ባለ ተሽከርካሪ ጥቅል ካቴና ፈለሰፈ። በ1885 ደግሞ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ ጎማዎቹ የተቀራረበ መጠን ያላቸውን፣ ኋለኛው ጎማ በካቴና የሚነዳውን «ሮቨር» ሳይክል ሠራ። የዛሬው ሳይክል ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚለኩት በኢንች ስለነበር ልኩ በዚያው ቀረ። ቀደም ሲል የካቴና ጥርሶች ርቀት አንድ ኢንች ነበር፤ ቆይቶ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ሆነና በዓለም ሁሉ ጸና። የቻይና ካቴና በህንድ ሳይክል ላይ ያለ ጭቅጭቅ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቁጥር ካወቃችሁ የካቴናችሁን ዕድሜ በትምህርት ቤት ማስመሪያ መለካት ትችላላችሁ። ካቴናውን ወጠር አድርጉና ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ 20 ቁጠሩ። 20 ጊዜ 12.7 ሲባዛ 254 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 25 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ካቴና ልክ እዚያ ላይ ይውላል። 25 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር አልፎ ከሄደ መቀየሪያው ደርሷል። ሰው «ካቴናው ተለጠጠ» ይላል እንጂ ብረቱስ አልተለጠጠም፤ ፒኖቹ ውስጥ ውስጡን ተበልተው ነው። የሚበላቸው ደግሞ ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ የሚሠራው ጥቁር ለጥፍ ነው፤ እንደ ሞረድ ይሠራል። ስለዚህ ዘይት ከማብዛት ይልቅ አሮጌውን በጨርቅ ጠርጎ ለእያንዳንዱ ፒን አንዳንድ ጠብታ መስጠት፣ ከዚያም ትርፉን መጥረግ ይሻላል። ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ ዘይት ግን ይቅርባችሁ፤ የሞተር ብናኝ ውስጡ አለ።

አሁን ወደ ቢኤምኤክስ እንምጣ። ስሙ «ባይስክል ሞቶክሮስ» ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤክስ» የመስቀል ምልክት ሆና «ክሮስ»ን ትተካለች። ይህን ሳይክል የፈጠረው መሐንዲስ ወይም ፋብሪካ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ፣ በዕድሜ እንደናንተ የሆኑ ልጆች ናቸው። የሞተር ሳይክል ውድድር አይተው፣ ሞተር መግዣ ስላልነበራቸው፣ በ1963 የወጣውን ባለ 20 ኢንች ጎማ «ስቲንግ ሬይ» ሳይክል ይዘው አፈር ላይ መዝለል ጀመሩ። በ1971 «ኦን ኤኒ ሰንደይ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም መጀመሪያው ላይ እነዚህን ልጆች አሳየና ነገሩ አገር አዳረሰ።

ለከተማ ልጅ የተሠራ ሳይክል ግን ዝላይ አይችልም። ቸርኬው ይጣመማል፣ መሪው ይታጠፋል። ልጆቹ የተሰበረውን ከሌላ ሳይክል በተነቀለ ጠንካራ ዕቃ ይተኩት ያዙ። ፋብሪካዎች የመጡት ከኋላ ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ በሽቦ ፋንታ በአንድ ወጥ ከብረት ቅይጥ የተቀረጸ ቸርኬ ይዘው ገበያ ገቡ። ስፖርቱ በ2008 ቤጂንግ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። እንግዲህ ዕቃ መቀየር ለቢኤምኤክስ የጎን ጨዋታ አይደለም፤ የተወለደበት መንገድ ነው።

ችግሩ ታሪኩ ወጥመድ ትቶልን መሄዱ ነው። ጎማ ላይ «20» ተብሎ የተጻፈው የቸርኬው ልክ ይመስላችኋል። አይደለም። ጥንት ቁጥሩ የተነፋውን ጎማ የውጭ ስፋት በግምት ያመለክት ነበር። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ያለው ትንሽ ቸርኬም፣ ቀጭን ጎማ ያለው ትልቅ ቸርኬም ሁለቱም «20» ተባሉ። አንዱ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ 406 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌላኛው 451። የ4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት በመዶሻ አይፈታም! ብዙውን ጊዜ በነጥብ የተጻፈው (20×1.75) ባለ 406፣ በክፍልፋይ የተጻፈው (20×1 3/8) ባለ 451 ነው። የቢኤምኤክስ ጎማ በአብዛኛው ባለ 406 ነው። የጎማውን ጎን አጥባችሁ ተመልከቱ፤ «47-406» የሚመስል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምታምኑት እሱን ነው።

ሌላው ፈተና የጥርስ ብዛት ነው። የጥንቱ ቢኤምኤክስ ፊት 44፣ ኋላ 16 ጥርስ ነበረው። 44 ለ16 ሲካፈል 2.75 ነው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ከሦስት ሩብ ይዞራል፣ ሳይክሉም 4.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዛሬ በቪዲዮ የምታዩዋቸው ልጆች ፊት 25፣ ኋላ 9 ነው የሚያደርጉት። 25 ለ9 ሲካፈል 2.78፤ እንግዲህ ያው ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ለምን? ትንሹ ጥርሳም ክብ ሲዘሉ ከድንጋይና ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር አይጋጭም፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ለመመላለስ ብቻ ከሆነ እኔ አልመክራችሁም። በአንድ ዓይነት የእግር ጉልበት፣ ባለ 25ቱ ካቴናውን ከባለ 44ቱ 1.76 እጥፍ አጥብቆ ይጎትተዋል፤ ጭነቱንም የሚሸከሙት ጥቂት ጥርሶች ናቸው። በአቧራ መንገድ ቶሎ ይበላል። ለዝላይ የወጣን ፋሽን ለመመላለሻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚህ የባሰው ፍሬን የማውለቅ ፋሽን ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ልጆች በጫማቸው ሲያቆሙ ይታያል። ቤዛዊት ኮረብታ ግን ሜዳ አይደለም። ፔዳል ሳትረግጡ 10 ሜትር ከፍታ ብቻ ብትወርዱ፣ አየሩና ጎማው የሚይዙትን ካልቆጠርን፣ ታች ስትደርሱ ፍጥነታችሁ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ጫማ ይህን አያቆምም። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ የፍሬኑን ጎማና ገመድ ቀይሩ፤ ከሁሉም ዕቃ ርካሹም እሱ ነው።

ፔዳል ልትቀይሩ ከሆነ ሁለት ነገር እወቁ። የግራው ፔዳል ብሎን ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ነው የሚጠብቀው፤ እንደ ቀኙ ቢሠራ ኖሮ እየተረገጠ በራሱ ይፈታ ነበር። የመፍቻውን እጀታ ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ፊተኛው ጎማ ብትገፉት ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ ወደ ኋላ ብትስቡት ይፈታሉ። ሌላው ውፍረቱ ነው። ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ከአንድ ብረት ታጥፈው የተሠሩ ከሆነ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ነው፤ ተለያይተው የሚገጠሙ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው 9/16 ኢንች። በዓይን አይለዩም፤ አሮጌውን ፔዳል ፈትታችሁ ይዛችሁት ገበያ ሂዱ።