የሕፃናት አደገኛ የአንጎል ዕጢ ምርመራ ታሪክና የላስታ ደጋ

አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የራስ ቅል አጥንቶቹ ገና አልተጋጠሙም፤ እርግብግቢቱም ክፍት ነው። በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ ሲያድግ ቅሉ ቦታ ይለቅለታል፤ ስለዚህ በአዋቂ ላይ ቶሎ የሚገለጠው የግፊት ምልክት በእርሱ ላይ ይዘገያል። ራሱን እንዳመመው ወይም ዓይኑ እንደደበዘዘ መናገር አይችልም። የሚታየው ማስመለስ፣ መነጫነጭ፣ የራስ መተለቅ፣ የለመደውን መቀመጥ ወይም መዳህ መተው፣ ሲከፋም ዓይኖቹ ወደ ታች መውረዳቸው ነው።

ሐኪሞች ወደዚህ ቅል ውስጥ ለመመልከት ብዙ ደክመዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1918 አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ አየር አስገብቶ በኤክስ ሬይ ማንሣት ጀመረ። ዘዴው የሚያሠቃይና አደገኛ ቢሆንም ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን ታየ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ደግሞ በእርግብግቢት በኩል አልትራሳውንድ ማድረግ ተጀመረ። ለድሃ አገር ከሲቲ ስካኑ ይልቅ ይህኛው ሳይበልጥ አይቀርም፤ በኋለኛው የአንጎል ክፍል ያለ ዕጢ ሊያመልጠው ቢችልም የክፍተቶቹን መስፋት በሚገባ ያሳያል።

ዕጢውን ማየት ግን ምንነቱን ማወቅ አይደለም። በ1925 ፐርሲቫል ቤይሊና ሃርቪ ኩሺንግ በሕፃናት ላይ የሚበዛውን አደገኛ የአንጎል ዕጢ ሜዱሎብላስቶማ ብለው ሰየሙት። የስሙ መነሻ የሆነውን ሴል እስከ ዛሬ ያገኘው የለም፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቆየ። ከዚህም የተነሣ በማይክሮስኮፕ የሚመስሉት ሌሎች ዕጢዎች ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ሲመዘገቡ ኖሩ። በ1996 የፊላደልፊያዋ ፓቶሎጂስት ሉሲ ሮርክና ባልደረቦቿ የ52 ልጆችን ዕጢ መርምረው፣ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን የሚያጠቃ፣ እጅግ ፈጣን የሆነ ሌላ በሽታ መኖሩን አሳዩ፤ ኤቲፒካል ቴራቶይድ ራብዶይድ ቲዩመር ተባለ። በ1998 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የራብዶይድ ዕጢዎች መነሻ የሆነውን የጂን ጉድለት በክሮሞሶም 22 ላይ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ይህ ጂን የሚያመርተው ፕሮቲን ከዕጢው ሴሎች መጥፋቱ በልዩ ቀለም ይለያል። ከዚያ በፊት በተሳሳተ ስም ስንቶቹ እንደታከሙ መገመት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ሲሆን የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ አጋር ነበር። እስከዚያ ድረስ የአገሪቱ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በውጭ የሠለጠኑና በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለላስታ ሕፃን ይህ ማለት በአንቀልባ ታዝሎ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ እስከ ላሊበላ፣ ከዚያ በጋሸና አድርጎ ወደ ወልድያ፣ ደሴና አዲስ አበባ መሄድ ነበር። ዛሬ ሲቲ ስካን በደሴ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ይገኛል። ይሁንና በ2021 ጦርነት ላስታን ጨምሮ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መሣሪያዎቻቸውም ወድመዋል።

ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚያባክነው መንገዱ ብቻ አይደለም። የሚያስመልስ ሕፃን እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ይቆረጣል፤ ወይም ጠበል ይወሰዳል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደግሞ ለተቅማጥና ትውከት ወይም ለማጅራት ገትር ይታከማል። ወላጆችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ትኩሳትም ተቅማጥም ሳይኖረው ለሳምንታት የሚያስመልስን ሕፃን ለጨጓራ ብቻ ማከም ግን በባለሙያም ዘንድ የሚታይ ነው። እርግብግቢቱ ያበጠና የደነዘዘ ሕፃን ዕጢ ካለው ከአከርካሪው ፈሳሽ መቅዳት ሊገድለው እንደሚችልም መታወስ አለበት።

የራስ ዙሪያ መለኪያ ሜትር ዋጋው ጥቂት ነው። በተወለደበት ዕለት 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረ ራስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ከዚያ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የራስ ዙሪያ ሠንጠረዥ ከ2007 ጀምሮ ቢኖርም በብዙ ቦታ የሚለካው ክብደትና የክንድ ዙሪያ ነው። በሦስት ወሩ 40፣ በአራት ወሩ 43 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተገኘ ራስ በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ቁጥሮችና የተለኩባቸው ቀናትም በሪፈራል ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይኖርባቸዋል።