ሐሪማ

ሐሪማ በወሎና በአጎራባቾቹ ደጋዎች አንድ የሱፊ ሼህ ከደረሶቹ (ተማሪዎቹ)፣ ከኻዲሞቹ (አገልጋዮቹ) እና ከእንግዶቹ ጋር የሚኖርበት መንደር ነው። በዐረብኛ ጽሑፎች ዛውያ የሚባለው ይኸው ነው። መስጊድ፣ የቁርኣንና የኪታብ መማሪያ፣ የመሥራቹ ቀብር፣ የእንግዳ ማረፊያና ጭሱ የማይቋረጥ ማድ ቤት ይኖሩታል። ሐድራ በሐሪማው ውስጥ የሚደረገው የዚክርና የዱዓ ጉባኤ ስም ቢሆንም፣ በአነጋገር ሁለቱ ስሞች ሲደባለቁ ይሰማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስመ ጥሮቹ ሐሪማዎች ያሉት ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ በወሎ ነው። ይሁን እንጂ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት የየጁ መሳፍንት ራሳቸው «ወረሴህ»፣ የሼህ ወገን ማለት ነው፣ ይባሉ ነበር። ራስ ጉግሣ (የሞቱት በ1825) ሆኑ በ1853 አይሻል ላይ በደጃች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የተሸነፉት ዳግማዊ ራስ ዓሊ ክርስትና የተነሡ ነበሩ፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ደብረ ታቦር ባለችበት በበጌምድርም፣ ከይፋግ ገበያ ወገን፣ ደሪጣ የምትባል የሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች።

ከወሎ ሐሪማዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ጀማ ንጉሥ ነው። መሥራቹ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ፣ በ1806 ወይም በ1807 ያረፉት፣ የቃድሪያ መንገድ ሰው ነበሩ። መውሊድን በብዙ ሕዝብ ጉባኤ የማክበርን ልማድ የወሎ ሰው ከእሳቸው ጋር ያያይዘዋል። ጌታ የተባለውን ሐሪማ ያቀኑት ቡሽራ አይ ሙሐመድ (የሞቱት በ1863) ደግሞ የሰማንያ ጠሪቃን (የሱፊ መንገድን) ከሚከተሉት ነበሩ። ይህ ጠሪቃ መነሻው መዲና ሲሆን፣ ወደ ሱዳን ያመጡት በ1824 ያረፉት አሕመድ አጥጠይብ ናቸው። በሰሜን ወሎ ያለው ዳና የአሕመድ ኢብን አደም ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ስማቸውን ትቶ «የዳናው ሼህ» ይላቸዋል። በ1903 አርፈዋል። ቦታው የሼሁ መጠሪያ መሆኑ በወሎ የተለመደ ነው።

የሐሪማው ሥራ በንጋት ሶላት ይጀምራል። ከዚያ ጀማሪው ደረሳ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም በሎህ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ የጻፈውን እያዜመ ያጠናል፤ የገፋው ደግሞ ከሼሁ ፊት ቁጭ ብሎ ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) እና ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ይቀራል። ደረሳ አገሩን ጥሎ፣ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሼህ፣ ሌላውን ከሌላው እየተማረ የሚዞር ነው። የደቡብ ጎንደር አንባቢ ይህን ኑሮ ከቤተ ክርስቲያን ወገን ያውቀዋል፦ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አምባ የሚወርደው የቆሎ ተማሪ፣ ጎጆ አበጅቶ ከመምህሩ ደጅ የሚከርመው፣ ከደረሳው ብዙም የራቀ አይደለም። ደረሳውም በጎጆ ያድራል፤ ለሼሁ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል።

የቤቱን ሸክም የሚሸከሙት ግን ኻዲሞች ናቸው። ወፍጮው፣ ድስቱ፣ ጀበናው በእነሱ እጅ ነው። ስለት ያስገባ ሰው በሬ ወይም ፍየል ነድቶ ይመጣል፤ የታመመ፣ የተጣላ፣ ልጅ የራቀው ይመጣል፤ ባዶ እጁን የመጣውም ሳይበላ አይሄድም። የሐሪማ ታሪክ ሲጻፍ ሼሁና ጠሪቃው ቀድመው ይነሣሉ፤ በእኔ ግምት ግን ቦታውን ያኖረው ማድ ቤቱ ነው። ሼሁ ሲያርፍ ቀብሩ ላይ ዚያራው (ጉብኝቱ) የሚቀጥለው ድስቱ ሳይነጥፍ ሲቀር ነውና።

ከሰዓት በኋላ ሐድራው ይዘረጋል። ዕጣን ይጨሳል፤ ጫቱ ከመቃሙ በፊት ዱዓ ይደረግበታል። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ያልፋል። ድቤው ሲመታ አንዱ መንዙማ (የውዳሴ ዜማ) ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል። መንዙማው በዐረብኛ ብቻ ሳይሆን በዐረብ ፊደል በተጻፈ አማርኛም ነው፤ በዚህም ሼህ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር (የሞቱት በ1936) ስማቸው የገነነ ነው። ምርቃቱ ሲወርድ «አሚን» የሚለው ሰው ሁሌ ሙስሊም ብቻ አይደለም። በወሎ ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎት ላይ ክርስቲያን ጎረቤት መቀመጡ ብርቅ ሆኖ አያውቅም።

ክፉው ዘመን የመጣው ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዙ። ብዙ ዓሊሞች ተሰደዱ፤ ሼህ ጦልሐ ደግሞ መንዙማ መድረስ ብቻ አልበቃቸውምና መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። ከንጉሡ ሞት (1889) በኋላ ትእዛዙ ላላ። መውሊድ ብሔራዊ በዓል ለመሆን ግን እስከ 1974ቱ አብዮት መጠበቅ ነበረበት።

የሐሪማ ባላጋራ ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሰለፊ ትምህርት የገባቸው ወጣቶች ቀብር መዘየርን፣ ድቤንና ጫትን ቢድዓ (በዲኑ የሌለ ፈጠራ) ብለው ይነቅፋሉ፤ የሐሪማው ሰዎች በበኩላቸው ዲኑን እዚህ ያደረሱት እነዚሁ አባቶች ናቸው ይላሉ። ክርክሩ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል የሚደረግ በመሆኑ ከባድ ነው።

ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ የገባው ሰው መንደሩን ይዞ መሄድ አልቻለም። ቀብሩም፣ የደረሳው ጎጆም፣ የሼሁ እርሻም እዚያው ቀሩ። በከተማ ሐድራው የአንድ ባለቤት ሳሎን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሐሙስ ማታ ይዘረጋል። መንዙማው ከካሴት ዘመን ጀምሮ በሱቅና በታክሲ ውስጥ ይሰማል። ዓመቱ ሲዞር ግን ለመውሊድ መኪና ተከራይተው፣ በሬ ገዝተው ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ዳና የሚወጡት እነዚሁ ከተሜዎች ናቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ብዙዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኻዲሞቹ ጋር ሽንኩርት ሲልጡ ይገኛሉ።