ሳይዘጋጁ ማራቶን፦ ሰውነታችን ምን ይሆናል? መቼስ ማቆም አለብን?

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ብዙዎቻችን 10 ኪሎ ሜትር ሮጠን ስንጨርስ «ማራቶንማ የዚህ አራት እጥፍ ነው፣ ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ» እንላለን። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይሠራም። ልምምዱ ሳይበቃ፣ በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመር ምን እንደሚፈጠርና ምን ማድረግ እንደሚሻል እነሆ።

🔹 ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ለምን ይከብዳል?

ሰውነታችን ለሩጫ የሚሆን ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ ያስቀምጣል። ግላይኮጅን ይባላል። ክምችቱ ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ማራቶን ለመጨረስ 2,500 ገደማ ያቃጥላል። የተለማመደ ሰው ጎን ለጎን ስብም በደንብ ስለሚያቃጥል ስኳሩ ይቆይለታል። ያልተለማመደና በፍጥነት የጀመረ ሰው ግን መንገዱ ሳያልቅ ስኳሩ ያልቅበታል። «እግሬ ታሰረ» የሚባለው ያኔ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጅማትና አጥንት ነው። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። የማራቶን ዝግጅት ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሳምንት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

🔹 ዶሃ ምን አሳየን?

እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ሙቀቱ ግን ያኔም ከ32 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከጀመሩት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም የኛ ሯጮች አቋረጡ። እነዚህ እንግዲህ ሥራቸው ሩጫ የሆነ ሰዎች ናቸው!

ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በዚያው ዓመት ዱባይ ላይ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሮጣ ነበር። ዶሃ ላይ የገባችው በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ነው። አሸናፊዋ ራሷ 15 ደቂቃ ዘገየች ማለት ነው። ከቀናት በኋላ፣ አየሩ ሲሻል፣ በወንዶቹ ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ።

«እኛ ከፍታ ላይ ነው የምንለማመደው» የሚለውም ሙሉ መልስ አይደለም። ከፍታ ደማችን ብዙ ኦክስጅን እንዲሸከም ያግዛል፤ ሙቀትን መልመድ ግን ለብቻው ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል።

🔹 ልምምዳችሁ ካልበቃ

1. ከተቻለ ግማሽ ማራቶን ሩጡ፣ ወይም ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።
2. ከጀመራችሁ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር አንስቶ ቀስ በሉ። ለምሳሌ 9 ደቂቃ ሩጡ፣ 1 ደቂቃ በእግር ሂዱ። እስክትደክሙ አትጠብቁ።
3. ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ውኃ አታብዙ። ከልክ ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናል፣ ሊገድልም ይችላል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ የደም ጨዋቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል።
4. ከሩጫ በፊት እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ አትውሰዱ። ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።
5. አዲስ ጫማ በውድድር ቀን አይሞከርም።

🔹 ወዲያው ማቆም ያለባችሁ መቼ ነው?

▪️ ደረት ላይ ሕመም ሲሰማችሁ
▪️ ስትንገዳገዱ ወይም ሐሳባችሁ ሲምታታ
▪️ በሙቀት ውስጥ እየሮጣችሁ ብርድ ብርድ ሲላችሁ

ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከወደቀ አምቡላንስ ጥሩ፤ እስኪደርስ ግን ቆማችሁ አትጠብቁ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱ። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት። ከሩጫው በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ጡንቻ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

🔹 «አበበ ቢቂላስ?»

እውነት ነው፣ አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ከዚያ በስተጀርባ ግን የዓመታት ልምምድ ነበር። ያው አበበ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ጉዳቱ ሲብስበት አቋርጦ ወጥቷል፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ማቋረጡ ክብሩን አልቀነሰውም።

ሳይዘጋጅ የተመዘገበ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ያቋረጠ ሰው ሌላ ቀን ይሮጣል።