የኋላው ደጀን ሊሊያን ቱራም

የእግር ኳስ ጨዋታ ወሬ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ስሙ የሚጠራው ግብ ያገባው ሰው ነው። ግብ እንዳይገባ የከለከለውን የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ያልገባ ግብ በመዝገብ አይጻፍምና። ዳሩ ግን ጦር ያለ ደጀን እንደማይዘምት ሁሉ፣ ቡድንም ያለ ተከላካይ ዋንጫ አያነሣም። ስለዚህ እኛ በዚህ የትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ አንድ ደጀን፣ ስለ ፈረንሳዊው ተከላካይ ስለ ሊሊያን ቱራም ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቱራም የተወለደው በ1972 ዓ.ም. በጉዋዴሎፕ ነው። ጉዋዴሎፕ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች፣ በፈረንሳይ መንግሥት ሥር የምትተዳደር ደሴት ናት። ከሕዝቧ የሚበዛው ከአፍሪካ በግድ ተግዘው መጥተው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩት ሰዎች ዘር ነው፤ ባርነቱም ፈጽሞ የተሻረው በ1848 ዓ.ም. ነው። እናቱ አምስት ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ለተሻለ ኑሮ ሲሉ አስቀድመው ወደ ፓሪስ አካባቢ ሄዱ፤ ልጆቹም በ1981 ዓ.ም. ተከተሏቸው። ቱራም ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

በደሴቱ ሳለ ስለ ቆዳው ቀለም አስቦ የማያውቀው ይህ ልጅ አዲሱ ትምህርት ቤት እንደ ገባ ስድብ ጠበቀው። አንዳንድ ልጆች በቴሌቪዥን በሚታይ የሕፃናት ሥዕል ፊልም ውስጥ ባለች አንዲት ሞኝ ጥቁር ላም ስም ይጠሩት ጀመር። ለምን እንዲህ እንደሚሉት እናቱን ቢጠይቅ፣ የዓለም ነገር እንዲህ ነው ከማለት በቀር የሚያጽናና መልስ አላገኘም። ይህ መልስ ያጣ ጥያቄ ዕድሜውን ሁሉ ተከትሎታል።

የኳስ ጨዋታን በፎንቴንብሎ ከተማ የፖርቱጋል ተወላጆች ባቋቋሙት ቡድን ውስጥ ተለማመደ። ከዚያም በሞናኮ ክለብ በአሠልጣኙ በአርሰን ቬንገር ዘመን ወደ ዋናው ቡድን ገባ። በ1994 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ፈረንሳይ ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሩን ማሊያ ለበሰ። ዚነዲን ዚዳንም ለፈረንሳይ መጫወት የጀመረው በዚያው ዕለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ቱራም ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ለፓርማ ክለብ መጫወት ጀመረ፤ በዚያም በ1999 ዓ.ም. የኢጣሊያን ዋንጫና የዩኤፋን ዋንጫ ከጓደኞቹ ጋር አነሣ።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን በ1998 ዓ.ም. በገዛ አገሩ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው። ጁላይ 8 ቀን በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይ ከክሮኤሺያ ጋር ተገናኘች። ሁለተኛው አጋማሽ ገና እንደ ተጀመረ ዳቮር ሹኬር ግብ አገባ። ቱራም ከሌሎቹ ተከላካዮች ጋር እኩል ወደ ፊት ሳይወጣ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበር፣ ሹኬር ከጨዋታ ውጭ አልነበረም። ጥፋቱን ዓለም ሁሉ አየ። ቱራም ግን አንገቱን አልደፋም፤ ወዲያው ወደ ፊት ገሥግሦ ኳስ ቀማ፣ ከዩሪ ጆርካኤፍ ጋር ተቀባብሎም ግቧን መለሰ። ቆይቶም በ70ኛው ደቂቃ ገደማ ከሩቅ በግራ እግሩ መትቶ ሁለተኛውን አገባ። ከዚያ በኋላ ተንበርክኮ፣ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ራሱም የሆነውን ማመን እንዳቃተው ሰው ሲያሰላስል ታየ። ፈረንሳይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ቱራም ለአገሩ ካደረጋቸው 142 ጨዋታዎች ውስጥ ግብ ያገባው በዚያች ቀን ብቻ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። በ7 ጨዋታዎች የገባባት ግብ 2 ብቻ ነው፤ ይህም ቱራም፣ ደሳዪ፣ ብላን፣ ሊዛራዙና በረኛው ባርቴዝ ያቆሙት አጥር ነው። ደሳዪ በጋና የተወለደ፣ ዚዳን የአልጄሪያውያን ልጅ፣ ጆርካኤፍ ከአርመን ዘር፣ ካሬምቡ ከኒው ካሌዶኒያ ደሴት ነበሩ። ቀደም ሲል በ1996 ዓ.ም. ፖለቲከኛው ዣን ማሪ ለ ፔን ቡድኑን ከውጭ በመጡ ሰዎች የተሠራ ነው ብለው ነቅፈውት ነበር፤ እነዚህ ልጆች ግን መልሳቸውን በሜዳው ላይ ሰጡ።

በ2000 ዓ.ም. ፈረንሳይ ኢጣሊያን 2 ለ 1 አሸንፋ የአውሮፓን ዋንጫ ጨመረች። ቱራም በ2001 ዓ.ም. ወደ ጁቬንቱስ ተዛውሮ በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. የኢጣሊያ ሻምፒዮን ሆነ። ከ2004 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ከብሔራዊው ቡድን ቢሰናበትም፣ አገሩ ስትቸገር በ2005 ዓ.ም. ተመለሰ። በ2006 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ እስከ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ ኢጣሊያም በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። በዚያው ዓመት ወደ ባርሴሎና ሄደ። በ2008 ዓ.ም. ሐኪሞች በልቡ ላይ ችግር ስላገኙ ጨዋታውን ተወ። የ142 ጨዋታው ቁጥር በ2022 ዓ.ም. በረኛው ሁጎ ሎሪስ እስኪያልፈው ድረስ በፈረንሳይ ወንዶች ቡድን ከፍተኛው ሆኖ ቆየ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሳበን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ቱራም በዚያው በ2008 ዓ.ም. ልጆችን በትምህርት ከዘር ንቀት ለማራቅ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በልጅነቱ በትምህርት ቤት ስለ ጥቁር ሕዝብ መጀመሪያ የሰማው ስለ ባርነት ሲነገር ብቻ ነበርና፣ በ2010 ዓ.ም. ስለ ጥቁር ሰዎች ታሪክ መጽሐፍ አሳተመ። ታሪኩንም የጀመረው ከሉሲ ነው፤ ይኸውም በ1974 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ከተገኘችው፣ ዕድሜዋ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ከሚበልጠው ከእኛዋ ድንቅነሽ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። በላም ስም የተሰደበው ልጅም የጥያቄውን መልስ ሲፈልግ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ፤ ሥሩም የሰው ልጅ ሁሉ አንድ መሆኑን አሳየው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጥፋት ሲደርስ ተክዞ ከመቆም ይልቅ ወዲያው ተነሥቶ መካስ እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ በክፍላችን ውስጥ ማንም ልጅ በመልኩ፣ በቋንቋው ወይም በወላጆቹ ሥራ ሲሰደብ ዝም ብለን እንዳናይ ነው። ሁላችን ግብ አግቢ ልንሆን አንችልም፤ ለተጠቃ ጓደኛ ደጀን መሆን ግን ለማንኛችንም አይሳነንም።